ሰማሁ በሉት

ጥቅምት 9

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ብርዱስ? ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ ደህና አይደለንም ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ደብዳቤ በዚህ አይጀመርም። አለን ብቻ ልበል። ፈጣሪ በሄዱበት ይጠብቅልን፣ ክፉ አይንካዎት።

ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው እንዳይሉ፣ የአክስትዎ ልጅ የሆነችው የልብስ ሰፊዋ ትንሹ ልጅ ነኝ። እርስዎ ከአገር ሲወጡ ገና አልተወለድኩም። እናቴ እርስዎን የምታነሳዎት «መርማሪዋ» እያለች ነው። የቤቱን ራዲዮ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ልየው ብለው ፈትተው፣ መግጠሙ ሲያቅትዎ ብሎኑን ሁሉ ትራስ ውስጥ ደብቀው፣ አያቴ ጋደም ሲሉ ጆሯቸውን እንደወጋቸው ስታወራ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር። ዘንድሮ አንስታው አታውቅም።

ታላቅ ወንድሜ በነሐሴ ማረፉን ሰምተዋል። ደውለው ከእናቴ ጋር ስትላቀሱ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እንዴት እንደሆነ ግን የነገረዎት ያለ አይመስለኝም። ቀን ነው፣ ከሰዓት በኋላ። እናቴ የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋች፣ እኔ የተሰፋውን እጅጌ እየገለበጥኩ ነበር። ወንድሜ «እየጠሩኝ ነው» ብሎ ተነሳ። ጫማውን በደንብ አስሮ፣ ደረጃውን ወርዶ ወጣ። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ መንገድ ግራና ቀኝ ሳያይ ገባበት። የጭነት መኪናው ሹፌር እስካሁን እየመጣ እናቴ ጋ ይቀመጣል። ምንም አይናገርም፤ ተቀምጦ ይሄዳል።

የጻፍኩልዎት ለትምህርት ነው። የሳይንስ ክበባችን መምህር «ከዘመዶቻችሁ አንድ ባለሙያ ጠይቁ» ብለውናል። እርስዎ የሰው አንጎል በኮምፒውተር እንደሚሠሩ፣ የሚሠሩትም ወንድሜን ለያዘው ለስኪዞፍሬኒያ እንደሆነ እናቴ ነግራኛለች። ጥያቄዎቼ ሁለት ናቸው። አንጎል በኮምፒውተር እንዴት ይሠራል? ይህ ሕመም ከወንድም ወደ ወንድም ይሄዳል ወይ? ሁለተኛውን የጠየቁት ሌሎቹ የክበቡ አባላት ናቸው።

የቤታችን ስልክ የሁላችንም ስለሆነ፣ መልስዎን ከታች በጻፍኩት በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን ቢልኩልኝ ይሻላል። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ባታነብ ነው የምወደው።

አክባሪዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ልጅ


ኅዳር 3

ለእህቴ ልጅ፣

እደግልኝ፣ ዕድሜህ ይርዘም። የወንድምህን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን፣ እናትና አባትህን ያጽናልን። እዚህ ያለው ብርድ እንደ ክፉ አከራይ ነው፤ ሳይጠሩት ይገባል፣ ሂድ ሲሉት አይወጣም። ሌላው ደህና ነው።

መጀመሪያ ስለ ብሎኑ። ትራስ ውስጥ አይደለም፣ ፍራሽ ውስጥ ልደብቀው ነበር። «ትራስ ይሻላል፣ ማንም አይፈትሽም» ያለችኝ እናትህ ናት። ለብቻዬ መገረፌ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሁለተኛ፣ እርስዎ ስትለኝ ከኋላዬ አንዲት አሮጊት የቆሙ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። አንቺ በለኝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኛ የምንሠራው አንጎል ሥጋ የለውም፤ ሒሳብ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ነገር የሚያመዛዝን ፕሮግራም ነው፦ ጆሮ ያመጣውንና አንጎል አስቀድሞ የጠበቀውን። የሁላችንም አንጎል እንዲህ ይሠራል ብለን እናስባለን። ሰው ቀጥረህ ስትጠብቅ ከሩቅ የሚመጣው ሁሉ እሱን እየመሰለ ያታልልሃል አይደል? ሲቀርብ ግን ትታረማለህ። እኛ ታዲያ ፕሮግራማችንን እያወቅን እናበላሸዋለን። ለጠበቀው ነገር የሚሰጠውን ክብደት ከፍ እናደርግበትና ራዲዮ ጣቢያ ሲጠፋው የሚያሰማውን ዓይነት ሽሽታ እናሰማዋለን። ያኔ ባዶው ሽሽታ ውስጥ ቃል ይሰማል፤ ሰማሁ ብሎም ድርቅ ይላል። የእሱ ስህተት የታመሙ ሰዎች ከሚሳሳቱት ጋር ከገጠመ፣ ሕመሙ የቱ ጋ እንደሚነሳ ፍንጭ አገኘን ማለት ነው። ፍንጭ ነው ያልኩህ። ጥፋቱ ተቃራኒው ነው፣ ጆሮ ያመጣውን ጥቃቅን ሁሉ ከልክ በላይ ማመን ነው የሚሉም አሉ፤ ስንገናኝ እንጨቃጨቃለን።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው አለ፤ ቁመቱ የበሩን መቃን ስለሚነካ ረጅሙ ነው የምንለው። «ይሄ ፕሮግራም ሚስት ቢኖረው ኖሮ በሁለተኛው ቀን ትፈታው ነበር፤ ያላለችውን ሁሉ ሰምቷል» ይላል።

ለክበቡ ማሳያ እንዲሆናችሁ የምንጠቀምበትን ፈተና በፍላሽ ልኬልሃለሁ። ሽሽታ ትሰማላችሁ። በአንዳንዱ ውስጥ «በር» የሚል ቃል በቀጭኑ ተደብቋል፤ ድምፁ የራሴ ነው፣ ለእናንተ ብዬ በአማርኛ ቀዳሁት። ቃሉን ከሰማችሁ «ሰማሁ» የሚለውን፣ ካልሰማችሁ «አልሰማሁም» የሚለውን መጫን ነው። ለጨዋታ ብቻ ነው፤ ውጤቱን እንዳትልክልኝ። ለምርምር የምንቀበለው ወላጅ ወይም ራሱ አዋቂው ሲፈቅድ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ ሳልሸፋፍን ልመልስ። ከመቶ ሰው አንዱን ግድም ይይዘዋል። ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመችበት ሲሆን ከመቶ ወደ ዘጠኝ፣ አሥር ይጠጋል። ይህ ማለት ከመቶ ወንድሞች ዘጠናው አይታመሙም።

ይህን ለክበቡ ንገራቸው። የጠየቅኸኝ አንተ ከሆንክ ደግሞ፣ ለአንተም ያው ነው።

አክስትህ፣
መርማሪዋ


ኅዳር 27

ለአክስቴ ለመርማሪዋ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ የክፉ አከራዩን ብርድ ያቅልልሽ። አንቺ ስልሽ እጄ እየፈራ ነው፤ ካበዛሁት ንገሪኝ።

ስለ ትራሱ እናቴን ጠየቅኋት። ከስፌት መኪናዋ ቀና አለችና «ማን ነገረህ?» አለችኝ። ደንግጬ «አያቴ ናቸው» አልኩ። አያቴ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! ያንን እንኳን አላስተዋለችም። መልሳ አጎነበሰች።

ፍላሹን ወደ ኮምፒውተር ክፍል ወሰድኩት። የክፍሉ ኃላፊ «አቧራ እንዳይገባበት» ሳይል ቁልፍ ስለማይሰጥ አቧራ ነው የምንለው። አብሮኝ የሚቀመጠው ቀዩ ቀድሞ ሞከረው። ማዳመጫውን አድርጎ ትንሽ ቆየና አወለቀው።

«ይሄ እኮ ዝናብ ነው።»

«ዝም ብለህ ስማ።»

«ሰማሁ እኮ። ዝናብ ነው። አክስትህ ደመወዝ የሚከፈላት ዝናብ ለማሰማት ነው? እኔም ልቀጠር።»

እሱ አብዛኛውን «አልሰማሁም» ብሎ ተጭኖ ወጣ። ከዚያ እኔ ገባሁ። ጨረስኩት። አትላክ ብትይኝም ፍላሹን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ለምርምር አትቁጠሪው፤ ዝም ብለሽ እዪልኝ።

አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። ወንድሜን እዚያ ፕሮግራም ውስጥ አስገቢልኝ። የማውቀውን ሁሉ እጽፍልሻለሁ፦ የትኛው ድምፅ ጠዋት እንደሚመጣ፣ የትኛው እንደሚሰድበው፣ የትኛውን እንደሚወደው። አንድ የሚወደው ነበረው፤ የእግር ኳስ ውጤት የሚነግረው፣ ሁልጊዜም የሚሳሳት። እሱን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ሁሉንም አስገቢና አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ያን ቀን የጠራው ምን ብሎ ነው የጠራው? ጫማውን አስሮ እስኪወጣ ድረስ ምን ቢለው ነው?

ለክበቡ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ቀርታለች። ያልታመመ ሰው የዚህን ሕመም ክኒን ቀድሞ ቢጀምር ይከላከልለታል? የጠየቀው ቀዩ ነው።

የእህትሽ ልጅ፣
ወንድሜ ያወጣልኝ ስም ጭራ ነው፤ ከኋላው ስለማልጠፋ። አንቺም እንዲያ ልትይኝ ትችያለሽ።


ጥር 14

አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ። ፖስታ ቤቱን እየጠየቅሁ ነው፤ ሰውየው ገና ከበር ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። ፍላሹ ካልደረሰሽ ንገሪኝ። ከደረሰሽና ዝም ካልሽ ደግሞ ዝምታሽ ገብቶኛል።

ጽሑፌ ስለተበላሸ ይቅርታ። እጄ ይንቀጠቀጣል። የሒሳብ ፈተና ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ መምህሩ ወረቀቱን ከጉንጬ ሥር ነው የወሰዱት፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ምላሴም ከብዶኛል። ብርድ ይሆናል።

ጭራ


የካቲት 6

ለጭራ፣ ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥህ። ከሁሉ በፊት ጤና ይስጥህ።

የዘገየሁት ፖስታ ጠፍቶ አይደለም። ፍላሹ ታኅሣሥ ላይ ደርሶኛል። መክፈት አልነበረብኝም፤ ከፈትኩት። «በር» የሚለው ቃል የሌለበትን ባዶ ሽሽታ ሳይቀር ሁሉንም «ሰማሁ» ብለህ ተጭነሃል። መልሶችህን ለፕሮግራሙ ሰጠሁት፤ የሰጠኝ ቁጥር ከታመሙት ሰዎች ቁጥር ጋር የሚገጥም ነበር። ደብዳቤ ጀመርኩ፣ ቀደድኩ። ደግሜ ጀመርኩ፣ ደግሜ ቀደድኩ። በማላውቀው ነገር ከማስደነግጥህ ዝም ልበል አልኩ። ዝምታዬ ራሱ መርዶ ሆኖ እንደሚደርስህ አላሰብኩትም። የሁለተኛው ደብዳቤህ እጅ ጽሑፍ ነው ያነቃኝ።

ያን ደብዳቤ ይዤ ረጅሙ ጋ ሄድኩ። ስምህን አልነገርኩትም። ውጤቱን ሲያይ ቆየና «መልሱን ተዪው፣ ሰዓቱን እዪ» አለኝ። ፈተናው ሰው ምን እንደመለሰ ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት እንደተጫነም ይመዘግባል። እኔ በድንጋጤ ያንን ገጽ አልከፈትኩትም ነበር። «ይሄ ልጅ ድምፁ ገና ሳይጀምር ነው የሚጫነው። በሽሽታ ውስጥ ቃል የሚሰማ ሰው ይጠብቃል፣ ጆሮውን ይሰጣል፣ ያመነታል። ይሄኛው አላዳመጠም። መልሱን ይዞ ነው የገባው።»

ይህ ደህና ነህ ማለት አይደለም። ታመሃል ማለትም አይደለም። እንዲህ ያለው ፈተና የብዙ ሰው መልስ ተደምሮ ነው አንድ ነገር የሚናገረው፤ አንድን ልጅ ለብቻው አይፈርድበትም። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ አንተን ልጠይቅ። ሳትሰማ «ሰማሁ» የምትለው ለማን ነው?

ወንድምህን ማስገባት አልችልም። አልፈልግም ማለቴ አይደለም፣ ጭራ። የምትነግረኝን ሁሉ ቁጥር አድርጌ ላስገባው እችላለሁ። ምን ብሎ ጠራህ ብዬ ስጠይቀው ግን የሚመልስልኝ እኔው ያስገባሁትን ነው። ከእኔ የወጣውን የእሱ ነው ብዬ ብልክልህ፣ ያንን ቃል ዕድሜህን ሙሉ ትሸከመዋለህ።

አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ ለክበቡ አይደለም። ድምፅ ትሰማለህ? ክኒኑን የሚውጠው ቀዩ ነው ወይስ አንተ? ክኒኑ አስቀድሞ አይከላከልልህም። እኔ ደግሞ ሐኪም አይደለሁም፤ ፕሮግራም የምጽፍ ሰው ነኝ። የምትውጥ ከሆነ ለሐኪም መነገር ያለበት ዛሬ ነው።

አክስትህ


የካቲት 29

አክስቴ፣

እግዜር ይስጥልኝ፤ መልስሽ ደርሶኛል። እንዲህ በግልጽ ያናገረኝ ሰው ስላልነበረ ደብዳቤሽን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ሰማሁ የምለው ለወንድሜ ነው። ወንድሜ ሲሰማ ብቻውን መስማት አይሆንለትም ነበር። ቀና ይልና «ሰማህ?» ይላል። መጀመሪያ አካባቢ እውነቱን ነበር የምንነግረው። አባቴን ታውቂዋለሽ፣ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ያልተበላሸውን ተበላሽቷል አይልም። «ምንም የለም ልጄ፣ የሞተሩ ድምፅ ነው» ይለዋል። ወንድሜ አንድ ቀን «አንተም ከእነሱ ጋር ነህ» አለው። ከዚያ ወዲያ አባቴ የነካውን ምግብ አልቀምስም አለ። አጥንቱ እስኪታይ ከሳ።

እናቴ እኔንና አባቴን ወጥ ቤት ጠርታ በሩን ዘጋች። «ከዛሬ ጀምሮ ሰማሁ በሉት» አለች።

አባቴ «ያልሰማሁትን?» አላት።

«ያልሰማኸውን። ይኸው ከእኔ ጋር ስትኖር ያልሰማኸውን ሁሉ ሰምቻለሁ ስትል አይደል የኖርከው? አሁን ምን አዲስ ነገር ሆነብህ?»

አባቴም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ ከሳሎን «ምን ያስቃችኋል?» ብሎ ሲጣራ ሦስታችንም ጸጥ አልን።

ከዚያ በኋላ ሰማሁ ማለት እንደ ዕቃ ማጠብ የቤት ሥራ ሆነ። ካመነታሁ ያውቅብኛል። ስለዚህ ጥያቄውን ሳይጨርስ ነው የምመልሰው። ወንድሜም ፊቱ ይፈታል፣ መብላት ይጀምራል። ያንቺን ፈተና ስሠራ «አልሰማሁም» የሚለው ላይ ጣቴ አልሄድ አለኝ። እሱን ብቻውን ትቼው የምወጣ መሰለኝ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ያን ቀን «እየጠሩኝ ነው» ብሎ ብቻ አልወጣም። «እየጠሩኝ ነው፣ ሰማችሁ?» ነው ያለው። እናቴ ከስፌቷ ቀና ሳትል «ሰማሁ ልጄ» አለችው። ያኔ ነው ጫማውን ያሰረው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስለዚያ ቀን ተናግራ አታውቅም፤ እኔም እንዳልሰማሁ ሆኛለሁ። ታስታውሰው እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ድምፁን እሰማለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ደረጃው ላይ፣ ሁለተኛውን ፎቅ ሳልፍ። የሚጠራኝ ወንድሜ ነው። ሌላ ምንም አይልም፤ ይጠራኛል፣ በቃ። ዞር ስል ሰው የለም።

ክኒኑን የምውጠው እኔ ነኝ። ቀዩ ክኒን አይቶ አያውቅም። ወንድሜ የባሰበት መድኃኒቱን ባቆመ ጊዜ ነበር። በመሳቢያው ውስጥ የተረፈ አለ። እኔ ሳይጀምረኝ ብጀምር ይቀድመዋል ብዬ ነው።

አደራ፣ አደራ፣ ለእናቴ እንዳትነግሪያት። አንድ ልጅ ቀብራለች። ሁለተኛውም ጀመረው ብትባል ምን እንደምትሆን አንቺ አታውቂም፤ እኔ አውቃለሁ።

ጭራ


መጋቢት 19

ለጭራ፣

ልጄ፣ ጤናህ ይመለስልኝ። ደብዳቤህን ጨርሼ ሳላጥፈው ነው ለእናትህ የደወልኩት። ይህን ስታነብ ሁሉም ካለቀ ሰንብቷል።

አደራህን በላሁ። አደራ በላ ምን እንደሚባል አሳምሬ አውቃለሁ፣ እኔንም ያሳደጉኝ እናትህን ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። ብትቆጣኝ ተገቢ ነው። የነገርኳት ስለ ክኒኑና ስለ ድምፁ ብቻ ነው። ያን ቀን እሷ ያለችውን ከአንተ ሌላ ማንም ከእኔ አይሰማውም።

በስልክ ያልኳትን ለአንተም ልድገመው። የሚወዱት ሰው የሞተባቸው ብዙ ሰዎች ድምፁን ይሰማሉ፤ ሲጠራቸው፣ በር ሲከፍት፣ ሲያስል። አብዛኞቹ አልታመሙም። በእኛ ሒሳብ ብትሄድ እንኳ፣ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ድምፅ ሲጠብቅ የኖረ አንጎል ያ ሰው ስለሞተ በማግሥቱ መጠበቁን አይተውም። የአንተ ከዚህ ይሁን፣ ከሌላው ይሁን ግን ከዚህ ሆኜ አላውቅም። አውቃለሁ ብልህ «ሰማሁ» እንደማለት ነው። የሚያውቅ ካለ ፊትህ ተቀምጦ የሚያይህ ሐኪም ነው፤ እሱም ጊዜ ይፈልጋል።

ባትጽፍልኝም እኔ እጽፍልሃለሁ።

አክስትህ


ሚያዝያ 12

ለተከበሩ እመቤት፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራዎስ? ምርምርዎስ? እኛ በእርስዎ የስልክ ጥሪ ምክንያት እንደሚከተለው ነን።

በደወሉበት ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የስፌት መኪናው ድምፅ አይሰማም። በሥራ ሰዓት ዝም ብሎ አያውቅም። ስገባ አባቴ የመፍቻ ሣጥኑን እንኳ ሳያስቀምጥ መሐል ቤት ቆሟል። እናቴ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። መሳቢያው ተከፍቷል።

«ስንት ዋጥክ?» አለ አባቴ።

«ምን?»

«ምን አትበለኝ! ስንት?»

«በቀን አንድ። አንዳንዴ ሁለት።»

አባቴ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ሣጥኑን አስቀምጦ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። እናቴ አላለቀሰችም። ተነሥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና «ምላስህን አውጣ» አለችኝ፤ እንደ ሕፃን። አወጣሁ። ምን እንዳየች አላውቅም፤ ነጠላዋን አንሥታ «እንሂድ» አለች።

በመንገዱ ሁሉ እርስዎን ስረግም ነበር። እውነቴን ነው። የምጽፍልዎትን ደብዳቤ በቃሌ እያዘጋጀሁ ነበር የምሄደው፤ «እርስዎ» የሚለው ብቻ እንኳ አጥንትዎን እንዲሰብረው አድርጌ። አሁን ግን ጨርሶ አልሆነልኝም። አንቺ ልበልሽ።

ክሊኒኩ ወንድሜ ይታከምበት የነበረው ነው። ሐኪሟም ያችው ናት፤ ስታየን ከወንበሯ ተነሣች። ክኒኑን እንዴት እንደማቆም ነገረችኝ፣ ደም ተወሰደልኝ፣ ልቤን አዳመጠች። ስለ ድምፁ ጠየቀችኝ። «አልፎ አልፎ ይመስለኛል» አልኳት። እናቴ አጠገቤ ስለነበረች ነው። ሐኪሟም ያንቺን የመሰለ ነገር ነገረችን፣ ከሐዘን በኋላ ብዙ ሰው እንደሚሰማው። በወሩ ተመለስ አለችኝ። እኔ ደስ አለኝ። እናቴን አየት አደረግኋት፤ እሷ ግን ደስ አላላትም።

ስንመለስ የእግር መንገዱን ነው የያዝነው። ከግማሽ መንገድ በኋላ እናቴ ፊት ፊቷን እያየች «እኔንም ይጠራኛል» አለች።

«ማን?»

«ማን ይሆናል? ዕቃ ሳጥብ፣ ቧንቧው ሲከፈት። በስሜ ይጠራኛል። እሱ ደግሞ ከአፉ ስሜ ወጥቶ አያውቅም፤ ሲቆጣም እማ ነበር የሚለኝ። ስለዚህ እሱ እንዳልሆነ ገባኝ። እኔው ነኝ የምጣራው። ከዚያ ወዲያ አቤት ማለቱን ተውኩት።»

ትንሽ ሄደን ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ሰማሁ በሉት ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ያን ቀንም ያልኩት እኔ ነኝ። አንተም ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ዓይኔን ማየት የተውከው ከዚያ ወዲህ ነው።» ቆም አለች። «ከእንግዲህ በቤቴ ያልሰማ ሰማሁ አይልም፤ የሰማም አልሰማሁም አይልም። አንተንስ ምን ብሎ ነው የሚጠራህ?»

አክስቴ፣ «እኔንም በስሜ» ማለት እችል ነበር። ለመስማት የጠበቀችውም እሱን ነው፤ ከፊቷ ያስታውቃል። በስሜ ብላት ሁለታችንም አንድ ዓይነት ሆነን፣ ሐዘን ነው ብለን ቤታችን እንገባ ነበር።

«ጭራ ብሎ» አልኳት። «ልክ እሱ እንደሚለው፣ መጨረሻውን ሳብ አድርጎ።»

«አልፎ አልፎ?»

«በየቀኑ። ከዚህ ሳምንት ወዲህ ደግሞ ና ይለኛል።»

እናቴ ክንዴን ይዛ አዞረችኝና የመጣንበትን መንገድ መለሰችኝ። ስንደርስ ዘበኛው በሩን ሊቆልፍ ነበር።

«ነገ ኑ እናቴ፤ ሰዓት አልቋል።»

«ነገ አይሆንም።»

«ምን ረስታችሁ ነው?»

«ለሐኪሟ ያልነገርናት አለ።»

ሐኪሟ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እየወጣች ነበር። አየችን፣ ተመልሳ መብራቱን አበራች። እናቴ ውጭ ልጠብቅ ስትል እኔ ነኝ ግቢ ያልኳት። ሁሉንም ተናገርኩ፦ ደረጃውን፣ ስሙን፣ «ና» የሚለውን፣ ሰፊውን መንገድ ስሻገር የሰው እጅ ካልያዝኩ እንደምፈራ። እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፤ ግን አላቋረጠችኝም።

ሐኪሟ ደህና ነህ አላለችኝም። ታመሃል አላለችኝም። በወሩ ያለችው ቀርቶ በየሳምንቱ እንድመጣ፣ ድምፁ እንዲህ አድርግ ብሎ ካዘዘኝ ደግሞ ቀጠሮ ሳልጠብቅ ያኔውኑ እንድመጣ፣ ለጊዜው ወደ ትምህርት ቤት ብቻዬን እንዳልሄድ ነገረችን። አሁን ጠዋት አባቴ ነው የሚያደርሰኝ፤ የመፍቻ ሣጥኑን እኔ እይዝለታለሁ። እስካሁን ሦስቴ ሄጃለሁ። ትናንትም ጠርቶኛል። ነገ እነግራታለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ልንወጣ ስንል እናቴ በሩ ላይ ቀረች።

«እኔስ?» አለቻት።

ሐኪሟ ትንሽ አየቻትና ከጎኔ ያለውን ወንበር ሳበችላት።

«እርስዎም» አለቻት።

ጭራ